የውኃን ምስጢር የሚገልጠው ኤሌክትሮድ



አባቶቻችን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ምሳሌው የተነገረው ስለ ወንዝ ሙላት ቢሆንም፣ በብርጭቆ ቀርቦ ለሚጠጣውም ውኃ እንደሚሠራ የተረዳሁት ባለፈው ዓመት ነው።

አጎቴ እንጀራ ፍለጋ ከመንዝ ወጥቶ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኝ አንድ መንደር ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ልጆቹም የተወለዱት እዚያው ነው። ለትንሣኤ በዓል ወደ መሐል ሜዳ በመጡ ጊዜ፣ ታላቂቱ ልጅ በሳቀች ቍጥር አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን አየሁ። ጥርሷ ቡናማ ሆኖ ነበርና። ከዘመድ አንዳንዱ «ስለማትፍቀው ነው» አለ፤ ሌላው በሸንኰራ አገዳ አሳበበ። እርሷ ግን ጧት ማታ መፋቂያ ከእጇ አይለይም ነበር። ነገሩን ለኬሚስትሪ መምህራችን ብነግራቸው፣ «መጀመሪያ ውኃው ይመርመር እንጂ ልጅቱ አትወቀስ» አሉኝ። ውኃው በምን ይመረመራል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ማስረዳት ነው።

በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት የእሳተ ገሞራ አለቶች በፍሎራይድ የበለጸጉ ስለሆኑ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በመካከላቸው ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን በሕፃንነት ጊዜ፣ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ያበላሸዋል። እጅግ ሲበዛ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። በወንጂ የስኳር እርሻ ፍሎራይድ የበዛበትን የጕድጓድ ውኃ ለረጅም ዘመን ከጠጡት ሠራተኞች መካከል፣ አከርካሪያቸው የደረቀ ሰዎች መኖራቸውን ሐኪሞች አጥንተው ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውኃው የጠራ ነው፤ በዓይንም በአፍንጫም አይታወቅም።

አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል ያለው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። የገበታ ጨው በውኃ ሲሟሟ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ይሆናል። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ካሉት ብዙ ዓይነት አዮኖች መካከል አንዱን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ አዮን መራጭ ኤሌክትሮድ ይባላል። መልኩ እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለ ቱቦ ነው፤ ምስጢሩ ግን በጫፉ ባለችው ስስ ግድግዳ ላይ ነው። ይህች ግድግዳ እንደ ድግስ ቤት አጋፋሪ ናት፤ የተጠራውን ታስገባለች፣ ያልተጠራውን ትመልሳለች።

የፍሎራይዱን ኤሌክትሮድ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቁት በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ማርቲን ፍራንትና ጄምስ ሮስ ናቸው። ግድግዳዋ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ናት። በክሪስታሉ ላይ ጥቂት ዩሮፒየም ፍሎራይድ ሲጨመርበት በውስጡ ክፍት ስፍራዎች ይፈጠራሉ፤ የፍሎራይድ አዮን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። ሌሎቹ አዮኖች በመጠን ወይም በሙል ስለማይስማሙ አያልፉም። በቱቦው ውስጥ መጠኑ የታወቀ ፍሎራይድ አለ። የውጭው ከውስጡ በመጠን ሲለይ በክሪስታሉ ሁለት ገጾች መካከል የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ያንን ልዩነት በሌላ ቋሚ ኤሌክትሮድ እያመሳከርን እናነባለን።

በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ፍሎራይዱ ዐሥር እጥፍ በጨመረ ቍጥር ንባቡ 59 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። እንደ አገራችን ባለው ብርድ ውኃው 10 ዲግሪ ቢሆን ግን የሚወርደው 56 ሚሊቮልት ያህል ነው። ስለዚህ መሣሪያው አስቀድሞ መጠኑ በታወቀና ሙቀቱ እኩል በሆነ ውኃ መፈተሽ አለበት።

አጋፋሪም መልክ ተመሳስሎበት ይሳሳታልና፣ በመጠን ለፍሎራይድ የሚቀርበው የሃይድሮክሳይድ አዮን ሲበዛ ኤሌክትሮዱን ያሳስተዋል። አሉሚኒየምና ብረት ደግሞ ፍሎራይዱን አስረው ይደብቁታል። ይህን ለመከላከል የውኃውን አሲድነት የሚያስተካክልና የታሰረውን የሚፈታ ቅመም ይጨመርበታል።

ግድግዳው የሚሠራበት ነገር ሲለወጥ የሚመረጠውም አዮን ይለወጣል። ለሃይድሮጅን ስስ ልዩ ብርጭቆ ያገለግላል፤ የዚህ ብርጭቆ ጠባይ በማክስ ክሬመር ከተገለጠ ከ1906 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን) ጀምሮ ነው። ለብር አዮን የብር ሰልፋይድ ይጨመቅለታል። ለፖታስየም ደግሞ ቫሊኖማይሲን የሚባል፣ ከባክቴሪያ የሚገኝ ነገር ከፕላስቲክ ጋር ይቀላቀላል። ቫሊኖማይሲን እንደ ቀለበት ሆኖ ፖታስየምን በልኩ ያቅፋል፤ ለሶዲየም ግን ይሰፋዋል። ሐኪም ቤቶችም በዚህ ዓይነት ኤሌክትሮድ በደም ውስጥ ያለውን ፖታስየም ይለካሉ፤ መጠኑ ሲዛባ የልብ አመታት ይታወካልና።

አጎቴ የጕድጓዱን ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመረ። ፍሎራይዱ ከልኩ ብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። የታላቂቱ ልጅ ጥርስ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ነገር ግን የሁለት ዓመት ታናሽ ወንድም አላት፤ ቋሚ ጥርሶቹ ገና በመሠራት ላይ ናቸው። ዛሬ እርሱ የሚጠጣው ከቤታቸው ቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው። ውኃን ማፍላት ግን ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ ውኃው ይተንና ፍሎራይዱ ይቀራል፣ ይልቁንም ይወፍራል። በከሰለ የከብት አጥንት ማጣራት ግን ፍሎራይዱን ይቀንሳል።

ወላጆች ሆይ፣ የልጅ ጥርስ ቡናማ ሆኖ ብታዩ ከመውቀሳችሁ በፊት ውኃውን አስመርምሩ። እናንተም ጓደኞቼ፣ ከቆላ የመጣ ልጅ አፉን ሸፍኖ ቢስቅ አትሣቁበት። እንደ ሸሚዝ ቍልፍ ያለች ትንሽ ክሪስታል የአጎቴን ልጅ ከሐሜት ነፃ አውጥታታለች።