ያውቁ ኖሯል? የረጋ ማር ሒሳብ

በኅዳር ተቆርጦ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገበያ የተገዛ ማር ሰንብቶ ቢረጋ፣ መርጋቱ ብቻውን ስኳር ተቀላቅሎበታል ለማለት እንደማያበቃ ያውቁ ኖሯል? ንጹሕ ማር ይረጋል። ሳይረጋ የሚከርም ማርም በዚያ ምክንያት ብቻ ንጹሕ አይባልም። ብዙ ንብ አናቢ በዚህ ነገር ያለ ጥፋቱ ይታማል።

ማር ውስጥ ያለው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አምስተኛ በታች ነው። ይህች ትንሽ ውኃ ፍሩክቶስ የተባለውን ስኳር አሟሙታ ትይዛለች፤ ግሉኮስ የተባለውን ሌላውን ስኳር ግን ሁሉንም መያዝ ያቅታታል። የተረፈው ግሉኮስ ክሪስታል እየሆነ ይወጣል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ቢያነሡት ከሥሩ ነጣ ብሎ ደፍርሶ ይታያል፤ ጥቂት ወስደው በጣትዎ ቢፈትጉትም ቅንጣቱ ይሰማዎታል።

ክሪስታል ግን ዝም ብሎ አይወለድም። አሜሪካዊው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ አዲስ ቅንጣት ገጽ ለማበጀት ኃይል ይከፍላል፤ ከይዘቱ ደግሞ ኃይል ያተርፋል። ወጪው በሬዲየሱ ካሬ፣ ትርፉ በሬዲየሱ ኩብ ያድጋል። ስለዚህ ቅንጣቱ በጣም ትንሽ ሳለ ወጪው ትርፉን ይበልጠውና ተመልሶ ይሟሟል፤ ከአንድ የመጠን ወሰን ካለፈ ግን ማደጉን ይቀጥላል። ያንን ወሰን እንዲሻገር የሚረዱት ማሩ ውስጥ የቀሩት የአበባ ዱቄት፣ የሰም ፍርፋሪና የአየር አረፋ ናቸው። በደንብ ያልተጣራ የገጠር ማር ቶሎ ቢረጋ አያስገርምም።

ማር በፍጥነት የሚረጋው 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ግሉኮሱ ይበልጥ ይሟሟል፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ማሩ ይወፍርና የስኳሩ እንቅስቃሴ ይገታል።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ኤልተን ዳይስ ይህንኑ ጠባይ ለንግድ አውሎት በ1935 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት እንዳገኘበትስ? ደቅቆ የረጋ ማር በፈሳሹ ላይ እንደ ዘር ጨምሮ በዚያው 14 ዲግሪ ያቆየዋል። ዘሩ ሲበዛ እያንዳንዱ ቅንጣት የሚደርሰው ግሉኮስ ያንሳል፤ ማሩም ሳይሻክር እንደ ቅቤ የሚቀባ ይሆናል። የጎጃም ማር ነጋዴዎች ቢሞክሩት እወዳለሁ።

ክሪስታሎቹ ከተወለዱ በኋላም ሒሳቡ አያበቃም፤ ትላልቅ ክሪስታሎች ትናንሾቹን እየበሉ ያድጋሉ። ሊፍሺትዝና ስልዮዞቭ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ መሠረት የቅንጣቶቹ አማካይ መጠን እጥፍ እንዲሆን ጊዜው ስምንት እጥፍ መሆን አለበት።

ማረሻ የሚቀጠቅጥ አንጥረኛም ከዚሁ ሒሳብ ጋር እንደሚታገል ያውቁ ኖሯል? ብረት ከትናንሽ ክሪስታሎች የተሠራ ነው። እሳት ውስጥ ብዙ ከቆየ ክሪስታሎቹ ይወፍሩና ብረቱ ይዳከማል፤ በግለቱ ሲቀጠቀጥ እንደገና ይደቅቃሉ። ዊልያም መሊንስ በ1956 እ.ኤ.አ. የክሪስታሎቹ ድንበር ይበልጥ በጎበጠበት ቦታ ይበልጥ እንደሚፈጥን በቀመር አስቀመጠ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማቲው ግሬይሰን በሜዳ ላይ ያለ፣ ራሱን የማያቋርጥ ማንኛውም ዝግ መስመር፣ የቱንም ያህል የተጠማዘዘ ቢሆን፣ በዚህ ደንብ ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ጉብጠቱ ሁሉ ወደ ውጭ እንደሚሆን፣ ከዚያም ወደ ክብነት እየቀረበ ተጠቅልሎ እንደሚጠፋ አረጋገጠ።

ጆን ፎን ኖይማን በ1952 እ.ኤ.አ. በሁለት መስታወት መካከል ስለተያዘ የሳሙና አረፋ ያገኘው ሕግ ከእነዚህ የድንበር ሕጎች ሁሉ አጭሩ ነው፦ ከስድስት ያነሰ ጎን ያለው አረፋ ይጠባል፣ ከስድስት የበለጠ ያለው ይሰፋል፣ ባለ ስድስቱ ባለበት ይጸናል። ሕጉን ሮበርት ማክፈርሰንና ዴቪድ ስሮሎቪትዝ ወደ ሦስት ልኬት ያሳደጉት ከ55 ዓመት በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የማር እንጀራ ቀዳዳም ባለ ስድስት ጎን ነው፤ ሜዳን እኩል ስፋት ላላቸው ክፍሎች በአጭር ድንበር ለመክፈል ከዚህ የሚሻል ቅርጽ እንደሌለ ቶማስ ሄልስ በ1999 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል።

ከአፋር ተነሥቶ እስከ ጎጃም ገበያ እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር የኖረው አሞሌ ጨውስ? የጨው ቅንጣት እንደ ዳይ ባለ ስድስት ፊት የሚሆነው እነዚያ ፊቶች በዕድገታቸው ዘገምተኛ ስለሆኑ ነው። ፈጥኖ የሚያድግ ፊት እየጠበበ ራሱን ያጠፋል፤ የሚቀረው ቀርፋፋው ነው።

የረጋ ማር ካለዎት እሳት ላይ አይጣዱት። ክዳኑን ሳይከፍቱ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ያቁሙትና ይታገሡት፤ ይፈታል። እስከዚያው ክዳኑ ይጥበቅ፤ ግሉኮሱ ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ስለሚቀጥን በቀላሉ ይቦካል።