የወፍጮ ቤት ጩኸትና የጆሮ ጉዳት

በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሌላው እጁን ሲያወጣ አብሮ እጁን የሚያወጣ ሰው አይታጣም። አሳብ የለውም ይባላል እንጂ አይሰማ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ምናልባት ይህ ሰው ለዓመታት በናፍጣ ወፍጮ ቤት የሠራ ይሆናል።

ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ያንቀጠቅጣል። ሦስት ደቃቅ አጥንቶች ንዝረቱን ተቀብለው የቀንድ አውጣ ቅርጽ ወዳለው የውስጥ ጆሮ ያሻግሩታል፤ በዚያ ያሉት 15 ሺህ ያህል ጸጉር መሰል ሕዋሳት ወደ አንጎል ያደርሱታል። እነዚህ ሕዋሳት እንደ ታጨደ ሣር መልሰው አያቆጠቁጡም። ከ85 ዴሲቤል የበለጠ ጩኸት በየቀኑ ለ8 ሰዓት ሲሰማ ያለ ሕመም ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። በክንድ ርቀት ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ቦታው አደገኛ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ስለሆነም ማኅበሩ ለወፍጮው ችንጋ ሲገዛ ለሠራተኛው የጆሮ መከላከያ አብሮ ቢገዛ ይበጃል፤ ጥጥ መወተፍ እምብዛም አያድንም። በባትሪ የሚሠራው የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ ያጎላል እንጂ የሞተውን ሕዋስ አይመልስም። ጆሮው የሚመግል ሕፃን ግን ቅቤም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ሳይጨመርበት ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ከተወሰደ መስማቱ ሊተርፍለት ይችላል።