የእንጨት ዕቃን በቤት መሥራት የሚያዋጣው የቱ ላይ ነው?

የአንድ የእንጨት ዕቃ ዋጋ በአራት ወጪዎች የተገነባ ነው፤ የእንጨቱ፣ የመገጣጠሚያና የማስዋቢያ ቁሳቁሱ፣ የእጅ ሥራው፣ እንዲሁም የመሸጫ ቤቱ ወጪና ትርፍ። ቁም ሳጥን፣ ብፌ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ ከሱቅ የሚገዛ ቤተሰብ አራቱንም ይከፍላል። ዕቃውን ራሱ የሚሠራ ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በገንዘብ ይከፍላል፣ ሦስተኛውን በጊዜው ይተካል፣ አራተኛው ይቀርለታል። ይሁን እንጂ ጊዜ ዋጋ አለው፤ መሣሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በስህተት የተቆረጠ ጣውላም ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ከመዶሻና ከመጋዝ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ከሥራው የትኛው ክፍል በቤት፣ የትኛውስ በባለሙያ ቢሠራ ያዋጣል የሚለው ነው።

የጊዜ ዋጋና የእጅ ዋጋ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጊዜ አጠቃቀም ባሳተሙት ጥናት ቤተሰብ ሸማች ብቻ ሳይሆን አምራችም መሆኑን አሳይተዋል። ቤተሰብ ከገበያ የገዛውን ቁሳቁስ ከራሱ ጊዜ ጋር አዋህዶ የሚፈልገውን ነገር ያመርታል። በዚህ ስሌት የአንድ መደርደሪያ ሙሉ ዋጋ የጣውላው ዋጋና ሥራው የፈጀው ሰዓት ዋጋ ድምር ነው። ሰዓቱ የሚተመነው በዚያው ጊዜ ሊገኝ ይችል በነበረው ገቢ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደንበኛ የሚያስተናግድ ሐኪም ወይም ባለሱቅ መጋዝ ሲይዝ ገቢውን ይተዋል። ደመወዙ በወር የተቆረጠለት የመንግሥት ሠራተኛ፣ በክረምት ዕረፍት ላይ ያለ መምህር ወይም ጡረተኛ ግን በትርፍ ሰዓቱ የሚያጣው ገቢ ትንሽ ስለሆነ በቤት መሥራት ይቀልለዋል።

የአገር ልዩነትም ስሌቱን ይለውጠዋል። በአሜሪካ ወይም በስዊድን የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ አናጢ ወደ ቤቱ ቢያስመጣ፣ ከፍተኛውን ክፍያ የሚጠይቀው የባለሙያው ሰዓት ነው። በዚያ ራስን ችሎ መሥራት ትልቁን ወጪ ያድናል። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዕቃው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቁሳቁሱ ሲሆን የአናጢው የቀን ክፍያ በአንጻሩ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ጀማሪው አንድ ሙሉ የችፑድ ወይም የኤምዲኤፍ ንጣፍ ካበላሸ ከአናጢው ክፍያ አተርፋለሁ ያለው ገንዘብ በአንድ ቀን ይጠፋል። በኢትዮጵያ ከተሞች በቤት መሥራትን አዋጪ የሚያደርገው ዋነኛ ምክንያት የእጅ ዋጋን ማዳን አይደለም፤ ትርፉ ከቁሳቁስ ቁጠባ፣ ከጥራት ቁጥጥርና ዕቃን ለቤቱ ልክ ከማድረግ ይመጣል።

የሁለት ሳንቲሜትር ዋጋ

የቁሳቁስ ቁጠባ የሚጀምረው በወረቀትና በእርሳስ ነው። በገበያ የተለመደው የኤምዲኤፍና የኮምፔንሳቶ ንጣፍ 122 በ244 ሳንቲሜትር ነው። ከዚህ ንጣፍ ቁመቱ 180፣ ስፋቱ 80፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሠራ እንበል፤ የንጣፉ ውፍረት 18 ሚሊሜትር ይሁን። የ122ቱ ሳንቲሜትር ስፋት ባለ 30 ሳንቲሜትር አራት ረጃጅም ቁራጮች ይወጣዋል። የተረፈው 2 ሳንቲሜትር የመጋዙ ጥርስ በሦስቱ ቁርጦች ላይ ለሚበላው እንጨት ይበቃል። ሁለቱ ቁራጮች የግራና የቀኝ ግድግዳ ይሆናሉ። የሁለቱ ግድግዳዎች ውፍረት ከ80 ሲቀነስ ለመሃሉ 76.4 ሳንቲሜትር ይቀራል፤ ከቀሩት ሁለት ቁራጮች እያንዳንዱ በዚህ ርዝመት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት አግድም ንጣፎች ይሰጣል። ታችና ላይ ሲከደኑ መደርደሪያው አምስት ክፍት ቦታዎች ይኖሩታል፤ ከንጣፉም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሥራ ላይ ይውላል።

አሁን ጥልቀቱ 32 ሳንቲሜትር ይሁን ቢባል፣ ከ122 ሳንቲሜትር ስፋት የሚወጡት ቁራጮች ሦስት ብቻ ይሆናሉ። ግድግዳዎቹ ሁለቱን ሲወስዱ የቀረው አንዱ ሦስት አግድም ንጣፍ ብቻ ይሰጣል፤ ለቀሩት ሦስቱ ሁለተኛ ንጣፍ መግዛት ግድ ይሆናል። ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ የጨመረ ሰው ለዋናው ቁሳቁስ እጥፍ ከፈለ ማለት ነው። የመቁረጫ ንድፍን ከመግዛት በፊት በወረቀት ላይ መሥራት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሆኖም ከጠቅላላው ሥራ ከፍተኛውን ብር የሚያድነው እሱ ነው።

የመጠን ምርጫ ጥንካሬንም ይወስናል። መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሞላው ንጣፍ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የመጉበጡ መጠን 16 እጥፍ ያድጋል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግን መጉበጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ረጅም መደርደሪያ የሚፈልግ ቤተሰብ መሃሉ ላይ አንድ ድጋፍ ቢያቆም ወፍራም ንጣፍ ከመግዛት በርካሽ ይገላገላል።

እንጨቱና ገበያው

የንጣፍና የመገጣጠሚያ ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተቆራኘ ነው። ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያ፣ የመሳቢያ ሐዲድና ጥራት ያለው ቫርኒሽ በብዛት ከውጭ ይገባሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ያለ ለውጥ የገቢ ዕቃ የሚበዛበትን ዲዛይን ያስወድዳል። መሳቢያው የበዛ ኮመዲኖ ከክፍት መደርደሪያ ይልቅ ለዶላር የተጋለጠ ነው፤ ማጠፊያና ሐዲድ የሚቀንስ ንድፍ ቤተሰቡን ከዚህ ጫና ያሳርፈዋል።

የአገር ውስጥ እንጨትም የራሱ ሕግና ጠባይ አለው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ የአበሻ አናጢ ሲመርጣቸው የኖሩ ዛፎች ናቸው። የጅማ ባለሙያዎች ከአንድ ወጥ ግንድ የሚፈለፍሉት በርጩማ የዋንዛን ለዘብታና ብርታት በግልጽ ያሳያል። ነገር ግን ደኑ እየሳሳ በመምጣቱ አዋጅ ቁጥር 94/1986 አራቱን ዝርያዎች ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ምንጩ የማይታወቅ የዋንዛ ጣውላ የሚገዛ ሰው በርካሽ ቢያገኘው እንኳ በአገሪቱ ደን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እየደገፈ ነው። ተተክለው የሚለሙት የፈረንጅ ጽድና ግራቪሊያ ለመላግም ለመገጣጠምም ምቹ በመሆናቸው ለቤት ሠሪ ተገቢ ምርጫዎች ናቸው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅ ግን የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ ስላለው ከመሳቢያና ከመዝጊያ ይልቅ ለእግርና ለድጋፍ ይስማማል።

የጣውላ ገዢን በብዛት የሚጎዳው እርጥበት ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚውል እንጨት እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ገና የተቆረጠ ግንድ ግን ከ30 በመቶ በላይ ይይዛል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚኮማተረው በስፋቱ ነው። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው እርጥብ ጣውላ 5 በመቶ ቢኮማተር 1.5 ሳንቲሜትር ያጣል። ይህ ደግሞ በቁም ሳጥን መዝጊያ ላይ ክፍተት ለመፍጠር፣ የጠረጴዛን ገጽ ለመሰንጠቅ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ብሂል እውነት ነው። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ሰው አንዲት ቁራጭ ጣውላ በየሳምንቱ በሚዛን እየለካ ክብደቷ መቀነስ እስኪያቆም ቢጠብቅ እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር መመጣጠኑን ያውቃል። እስከዚያው ጣውላው በጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባለት ተደርድሮ አየር ሊያገኝ ይገባል።

ቫርኒሽ የሚሸፍነው

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢ ማወቅ ሲያቅተው ጥሩ ዕቃ ከገበያ እየወጣ መጥፎው እንደሚበዛ አስረድተዋል። ምሳሌያቸው ያገለገለ መኪና ነበር፤ የእንጨት ዕቃ ገበያም በዚሁ ችግር ይሠቃያል። በስቱኮ የተደፈነ ስንጥቅ፣ በማጣበቂያ ፈንታ በምስማር ብቻ የተያያዘ መገጣጠሚያ፣ ከጀርባ የተለጠፈ ስስ ንጣፍ፣ በቫርኒሽ የተሸፈነ እርጥብ ጣውላ በሱቅ ውስጥ አይታዩም። ገዢው ልዩነቱን ስለማያይ ለጥሩው ሥራ ተጨማሪ ለመክፈል ያመነታል፤ ጥንቁቁ አናጢም የድካሙን ዋጋ ያጣል። ቁሳቁሱን ራሱ የሚመርጥ ቤተሰብ ይህን የመረጃ ክፍተት ይዘጋል። የጣውላውን ጉጥ ያያል፣ መገጣጠሚያውን ያውቃል፣ ከዓመታት በኋላም ሲላላ የት ጋ እንደሚጠበቅ አይጠፋውም። በዕቃው ላይ የሚጨመረው ዕድሜ በመግዣ ዋጋ የማይታይ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ለቤቱ ልክ

ሌላው ጥቅም ቦታ ነው። በኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የስቱዲዮ ቤት ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ሆኖ ተነድፏል። ለሰፊ ሳሎን የተሠራ ብፌ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መተላለፊያ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ጭራሹን በደረጃው መታጠፊያ አያልፍም። ቁራጭ ሆኖ ገብቶ ክፍሉ ውስጥ የሚገጣጠም፣ ከአልጋ ሥር መሳቢያ የሆነ፣ ከበር በላይ ያለውን ባዶ ቦታ የሚጠቀም ዕቃ ግን ያለውን ጥቂት ካሬ ሜትር ያሰፋዋል። የቤት ኪራይና የቤት ዋጋ በካሬ ሜትር በሚታሰብበት ከተማ አንድ ካሬ ሜትር ወለል ነጻ የሚያደርግ መደርደሪያ ከእንጨቱ ዋጋ በላይ ይመልሳል።

ሥራን መከፋፈል

እስካሁን የተነሱት ጥቅሞች ሁሉንም ነገር በቤት መሥራትን አይጠይቁም። የኢኮኖሚ ሊቁ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ያስተማሩት የሥራ ክፍፍል እዚህም ይሠራል። የስዊድኑ የቤት ዕቃ ሻጭ ኢኬያ እ.ኤ.አ. በ1956 እግሩ ተነቅሎ የታሸገ ጠረጴዛ መሸጥ ሲጀምር መቁረጡንና መላጉን በፋብሪካ አስቀርቶ ማጓጓዙንና መገጣጠሙን ለገዢው ሰጠ። ማሽን የሚሻው ሥራ ማሽኑ ባለበት ቀረ፤ ትዕግሥት ብቻ የሚሻው ወደ ቤት ሄደ።

ለኢትዮጵያ ቤተሰብም የሚበጀው ድንበር ይኸው ነው። መለካት፣ መንደፍ፣ እንጨት መምረጥ፣ መገጣጠም፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ቫርኒሽ መቀባት በቤት ይሁን። ቀጥ ያለ ቁርጥና መላግ ማሽን ላለው እንጨት ቤት ይሰጥ። ንጣፉ የመቁረጫ ንድፉ ተይዞ ሄዶ በሰፊ ማሽን ቢቆረጥ ክፍያው ትንሽ ሲሆን ቁርጡ ግን በእጅ መጋዝ ከሚገኘው የተሻለ ቀጥ ይላል። አቧራውም ከመኖሪያ ቤት ይርቃል፤ የእንጨት ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ይህ ራሱ የጤና ወጪ ያድናል። በቤት ለሚደረገው ማለስለስም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ግድ ነው።

ክፍፍሉ የመሣሪያ ወጪንም ይቀንሳል። ሜትር፣ ማዕዘን መለኪያ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖና ጥቂት ማጥበቂያዎች ለመገጣጠም ይበቃሉ። መሣሪያ በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ ከታሰበ ያከስራል። ለምሳሌ ሁሉም 12,000 ብር ቢፈጁ ለአንድ መደርደሪያ የሚደርሰው ሙሉው 12,000 ነው፤ ስድስት ዕቃ ከተሠራባቸው ግን ለእያንዳንዱ 2,000 ብር ይደርሰዋል። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ጎረቤታሞች አዋጥተው ቢገዙና በተራ ቢጠቀሙ ደግሞ ትራፓኖው በአንድ ሰው ቤት ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። እቁብ መጣል የለመደ ማኅበረሰብ ለዚህ ዓይነቱ ጥምር ሀብት እንግዳ አይደለም።

የራስ ግምትና የገበያ ግምት

በራስ እጅ የተሠራ ዕቃ ሲተመን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ራሳቸው ለገጣጠሙት ዕቃ ሌላው ከሚሰጠው የበለጠ ዋጋ እንደሚሰጡ፣ ሥራው ሳያልቅ ሲቀር ግን ይህ ጭማሪ እንደሚጠፋ አረጋግጠዋል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛው፣ ለሽያጭ አስቦ የሚሠራ ሰው የራሱን ግምት ትቶ ተመሳሳዩ ዕቃ በገበያ የሚያወጣውን መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው፣ ጀማሪ ሊጨርሰው በሚችለው ትንሽ ሥራ ይጀምር፤ በርጩማ፣ የጫማ መደርደሪያ፣ ከዚያ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ መሳቢያና መዝጊያ ያለው ቁም ሳጥን በመጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ስህተት በትንሽ ቁሳቁስ ላይ እንዲያልፍ ያደርጋል።

በአገር ሒሳብ ውስጥ

ይህ ሥራ ከቤተሰብ ደጃፍ አልፎ በአገር ኢኮኖሚም ይቆጠራል። ዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ቤተሰብ ለራሱ የሚያመርተውን ዕቃ በአገር ውስጥ ምርት ውስጥ ያካትታል፤ ለራሱ የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ለምሳሌ ምግብ ማብሰልንና ቤት ማጽዳትን፣ ግን ያስቀራል። በመርህ ደረጃ በቤት የተሠራ ጠረጴዛ ምርት ነው፤ በተግባር ግን ደረሰኝ ስለሌለው ከቆጠራው ያመልጣል።

ዘርፉ እንዲያድግ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። እንጨት ሻጮች ጣውላን እርጥበቱን ለክተውና ምንጩን ገልጸው ቢሸጡ፣ ንጣፍ ሻጮች በገዢው ንድፍ ቆርጠው ግማሽና ሩብ ንጣፍም ቢያቀርቡ፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለቤት ሠሪ የሚሆን አጭር የቅዳሜ ሥልጠና ቢከፍቱ ሁሉም ያተርፋል። አናጢውም አይጎዳም፤ በቀን አንድ ብፌ ገጣጥሞ ከሚያገኘው ይልቅ ለብዙ ቤተሰቦች ቆርጦና ልጎ የሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ቤተሰቡ በበኩሉ ደረቅ እንጨት፣ ለክፍሉ የተለካ ዕቃና የከፈለበትን እያንዳንዱን ጣውላ የማወቅ መብት ያገኛል።