ስለ ቴትራሳይክሊን መድኃኒቶች ጥቅምና ስለ ነጋዴው ጥንቃቄ

ቅቤ በከረመ ቁጥር ይፈለጋል፤ ጨርቅና ቆርቆሮም በመጋዘን ቢቆዩ ዋጋቸው ይቀንስ ይሆናል እንጂ ገዢውን አይጎዱም። መድኃኒት ግን ሲከርም ኃይሉን ያጣል፤ አንዳንዱም ወደ ጎጂነት ይለወጣል። ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው ቴትራሳይክሊን የተባለው የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወገን ነው።

የዚህ ወገን የመጀመሪያው ኦሪዮማይሲን፣ ቤንጃሚን ደገር በተባሉ አሜሪካዊ የዕፅዋት ሊቅ አማካይነት በአፈር ውስጥ ከሚኖር ተሕዋስ ተገኝቶ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ለዓለም ተገለጠ። ከዚያ በኋላ ቴራማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ተከተሉት። እነዚህ መድኃኒቶች ተስቦን፣ ግርሻንና ኮሌራን ለማከም ያገለግላሉ፤ የዓይን ቅባቱም ለትራኮማ ይረዳል። ለከብት ሕክምናም እጅግ ተፈላጊ ናቸው።

ይሁን እንጂ በ1963 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ ጊዜው ያለፈበትን ቴትራሳይክሊን የዋጡ ሰዎች ኩላሊታቸው እንደ ታመመ የሐኪሞች መጽሔት አስታወቀ። ሙቀትና እርጥበት መድኃኒቱን አበላሽተው ወደ ሌላ ጎጂ ነገር ለውጠውት ነበር። ስለዚህ አስመጪው የአገልግሎት ዘመኑን በጥብቅ ይመልከት፤ ዕቃውንም ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ይጠብቅ።

እኔ በጸሐፊነት በምሠራበት የንግድ ቤት፣ ካፕሱል በግማሽ ዋጋ እናቅርብላችሁ የሚል ደብዳቤ አንድ ጊዜ ከውጭ አገር ደርሶን ነበር። ሲመረመር የአገልግሎት ዘመኑ ሊያልቅ የቀረው አራት ወር ብቻ ሆነ። የቤቱ ባለቤትም፣ «ትርፉ የእኛ፣ ኩላሊቱ የሰው» ብለው እምቢታቸውን እንድጽፍ አዘዙኝ።

ባለ ሱቁም ይህ መድኃኒት እንደ ሳሙናና እንደ ክብሪት በመደርደሪያ የሚሸጥ አለመሆኑን ይወቅ፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጥ አይገባምና። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቢወስደው ጥርሱ ለዘለቄታው ሊበልዝ ይችላል፤ ነፍሰ ጡርም ሐኪም ካላዘዘላት በቀር መውሰድ የለባትም። ከወተት ጋር ሲወሰድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በፀሐይ የሚውል ሰው ደግሞ ቆዳው በቶሎ ይቃጠላል። ያለ አግባብ በተወሰደም ቁጥር ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን እየተላመዱ አልበገር ይላሉ።

ሥጋ ላኪዎችንም ነገሩ ይመለከታቸዋል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በአንድ ኪሎ የከብት ወይም የበግ ሥጋ ውስጥ ከ200 ማይክሮግራም የበለጠ የዚህ መድኃኒት ቅሪት እንዳይገኝ ይወስናል፤ ይህም የአንድ ግራም አምስት ሺኛ እጅ ነው። ስለዚህ መርፌ የተወጋ ከብት በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ አይታረድ። ላኪውም ከብቱን ሲገዛ መቼና በምን እንደ ታከመ ሻጩን ይጠይቅ፤ መልሱንም በመዝገብ ይጻፍ።

የንግድ መልካም ስም በብዙ ዓመት ይገነባል፤ በአንድ ካርቶን የተበላሸ መድኃኒት ግን በአንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል።