ዐውሎ ነፋስና የባሕር ውሃ ሙቀት፤ ለክፍል ትምህርት የቀረበ ማብራሪያ

ባሕር አይቶ የማያውቅ ተማሪ ስለ ባሕር ዐውሎ ነፋስ መማሩ ምን ይጠቅመዋል? በአሶሳም ሆነ በሌላው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚያስተምር መምህር ይህ ጥያቄ ቢቀርብለት አያስደንቅም። መልሱ ግን ከአገራችን የራቀ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተጉዞ ሶማሌላንድ ላይ የብስ ከነካ በኋላ፣ ያመጣው ዝናብ በሶማሌ ክልላችን ጎርፍ አስከትሏል። በዚያው ወር መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባሉት ሳይክሎኖች በዓረብ ምድረ በዳ ላይ ያወረዱት ዝናብ ለበረሃ አንበጣ መራባት አመቸ፤ በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሰብልና ግጦሽ ያጠቃው ወረርሽኝም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር።

ሳይክሎን ኃይሉን የሚያገኘው ከባሕር ሙቀት ነው። የባሕሩ ገጽ ሙቀት 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ውሃው በብዛት ይተናል፤ እንፋሎቱም ከፍ ብሎ ወደ ደመና ሲለወጥ በትነት ጊዜ የያዘውን ሙቀት ለአየሩ ይለቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ነፋስም ወደዚያው ይጎርፋል፤ ትነቱም ይበረታል።

ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ግን የነገሩ እኩሌታ ብቻ ነው። ነፋሱ ባሕሩን ሲያማስል ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ከላይኛው ጋር ይደባለቃል፤ የገጹም ሙቀት ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዐውሎ ነፋሱ የራሱን ስንቅ ራሱ ያሳንሳል። ሞቃቱ ሽፋን ስስ ከሆነ፣ በተለይም ዐውሎ ነፋሱ ቀስ ብሎ የሚጓዝ ከሆነ፣ ኃይሉ ይደክማል፤ ሽፋኑ ጥልቅ ከሆነ ግን ማማሰሉ የሚያወጣው ያንኑ ሞቃት ውሃ ስለሆነ ሊበረታ ይችላል።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ሁለት ብርጭቆ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ስኳር የሌለው ትኩስ ሻይና ቴርሞሜትር ይበቃሉ። በአንደኛው ብርጭቆ ብዙ ውሃና ጥቂት ሻይ፣ በሁለተኛው ጥቂት ውሃና ብዙ ሻይ ይሁን፤ ሻዩ በማንኪያ ጀርባ ላይ በቀስታ ሲፈስ ከላይ ይንሳፈፋል። የገጹ ሙቀት ከተለካ በኋላ ሁለቱም ይማሰሉና እንደገና ይለካሉ። አብልጦ የሚቀዘቅዘው የትኛው እንደሆነ ተማሪው በዓይኑ ያያል።

እንግዲህ ፈተና አዘጋጆች «ሳይክሎን በስንት ዲግሪ ይፈጠራል?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ፣ «የገጻቸው ሙቀት እኩል በሆነ ሁለት ባሕሮች ላይ የተነሡ ዐውሎ ነፋሶች ኃይላቸው ስለምን ይለያያል?» ብለው ቢጠይቁ ተማሪው የሸመደደውን ሳይሆን የተረዳውን ለመመዘን ያስችላል።