በአቃቂ ተፋሰስ የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ብክለት፦ መቀነሱ በምን ይታወቃል?

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከቡልጋሪያና ከካዛንቺስ መንደሮች የሚወርደው ፍሳሽ ከደጃፍ ሲርቅ ጉዳዩ ያበቃ ይመስላል። ነገር ግን የከተማዋ ወንዞች በትልቁና በትንሹ አቃቂ አማካይነት ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ወንዝ ይገባሉ። የላይኛው መንደር ፍሳሽ የታችኛው መንደር ውሃ ነው ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የብክለቱ መቀነስ እንዴት እንደሚገመትና እንደሚረጋገጥ ለማብራራት ይሞከራል።

ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለዕፀዋት ምግብ ናቸው። በውሃ ውስጥ ሲበዙ ግን እምቦጭና አልጌ ከመጠን በላይ እንዲስፋፉ ያደርጋሉ፤ ለዓመታት የአባ ሳሙኤልን ገጽ የሸፈነው እምቦጭ የዚህ ምልክት ነው። ሲያኖባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቅ ሕዋሳት አንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚሰርገው ናይትሬት በበኩሉ፣ በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም ችሎታው እንዲቀንስ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። ውሃን ማፍላት ጀርሞችን ቢገድልም ናይትሬትን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ በቀሪው ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል።

የብክለት መቀነስ ብዙውን ጊዜ የሚገመተው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በተገኘው መጠን ብቻ ነው። ይህ ሊያሳስት ይችላል። ለምሳሌ ያህል በበጋ በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ በሚፈስ ወንዝ ውስጥ በሊትር 10 ሚሊግራም ናይትሮጅን ቢገኝ ወንዙ በቀን 1,728 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በክረምት ፍሰቱ ወደ 20 ሜትር ኩብ ቢያድግና መጠኑ ወደ 3 ሚሊግራም ቢወርድ፣ በናሙናው ላይ መሻሻል ቢታይም የቀኑ ጭነት 5,184 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለሆነም መጠንና ፍሰት አብረው፣ በበጋም በክረምትም፣ በተለይም በጎርፍ ጊዜ መለካት አለባቸው።

ወንዙን በየስፍራውና በየሰዓቱ መለካት ስለማይቻል የስሌት ሞዴል ያስፈልጋል። ሞዴሉ የነዋሪውን ቁጥር፣ የመጸዳጃውን ዓይነት፣ የእርሻ ማዳበሪያውን፣ የዝናቡንና የመሬቱን ሁኔታ አገናዝቦ ከየትኛው ስፍራ ምን ያህል ጭነት እንደሚነሣ ይገምታል፤ አንድ እርምጃ ቢወሰድ ምን ያህል እንደሚቀንስም ይተነብያል። ትንበያው በልኬት ካልተፈተነ ግን ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ መስፋፋቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ኦክስጅን በሌለበት ገንዳ የሚጀምረው ይህ ዓይነቱ የማጣራት ዘዴ በዋናነት የሚቀንሰው በስባሽ ቁስን ነው። ናይትሮጅኑ በአብዛኛው መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት በርካታ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። በካዛንቺስ የሚለካው ጭነት ቢቀንስ እንኳ፣ አዲሶቹ መኖሪያዎች በዚያው ተፋሰስ ውስጥ ከሆኑና ፍሳሻቸው ካልተጣራ፣ ጭነቱ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልቀነሰም። ልኬቱ በየመንደሩ ብቻ ሳይሆን ወንዞቹ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት ስፍራም መደረግ ያለበት ለዚህ ነው።

በአሜሪካ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ2010 የናይትሮጅን፣ የፎስፎረስና የደለል ጭነት ጣሪያ ተወስኖ ለ2025 ግብ ተቀምጦ ነበር። ክንውኑም በሞዴልና በወንዝ ልኬት ጎን ለጎን ሲታይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የሳይንስ አማካሪዎች ግምገማ የውሃው መሻሻል ከተጠበቀው የዘገየ መሆኑን አመለከተ። ጉድለቱ ሊታወቅ የቻለው ልኬቱ ስላልተቋረጠ ነው።

የጤና ባለሙያውም በዚህ ረገድ ድርሻ አለው። በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ከንፈሩና ቆዳው ወደ ሰማያዊነት ተለውጦ ሲመጣ፣ የልብና የሳንባ ሕመምን ከመመርመር ጋር ወተቱ የተበጠበጠበት ውሃ ከየት እንደተቀዳ መጠየቅ ይገባል። «ወንዙ ጸድቷል» የሚል ዘገባ ሲቀርብም፣ በየትኛው ወቅት፣ በየት ስፍራና በምን ያህል ፍሰት እንደተለካ መጠየቅ የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ ሥራ የሚለይ አይደለም።