ሕጉ መጠን ሲጠይቅ፦ ሄምፕን ከማሪዋና የመለየት የፎረንሲክ ምርመራ

ሄምፕና ማሪዋና በዕፅዋት ሳይንስ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱም ካናቢስ ሳቲቫ ይባላሉ። የደረቀ አበባቸውን በመልክም ሆነ በሽታ መለየት አይቻልም፤ አነፍናፊ ውሻም በዚህ ረገድ ከባለቤቱ አይሻልም። ድንበሩን ያሰመረው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የጸደቀው የአሜሪካ የግብርና ሕግ ከደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዴልታ-9 ቲኤችሲ፣ ማለትም አስካሪው ንጥረ ነገር፣ የያዘውን ካናቢስ ሄምፕ ብሎ ሰየመው፤ ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝርም አወጣው። የቁጥሩ ምንጭ ኧርነስት ስሞልና አርተር ክሮንክዊስት እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት የዕፅዋት ምደባ ጥናት ሲሆን፣ ለወንጀል ችሎት የታሰበ አልነበረም።

የፎረንሲክ ላቦራቶሪዎች ለአሥርት ዓመታት የመለሱት ጥያቄ «ይህ ካናቢስ ነውን?» የሚል ብቻ ነበር። ለዚህም የቅጠሉን ጥቃቅን ፀጉሮች በማይክሮስኮፕ ማየትና የዱኬኑዋ-ሌቪን የቀለም ምርመራ ይበቁ ነበር። በዚህ ምርመራ ናሙናው ከቫኒሊንና ከአሴታልዴሃይድ ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመርበት ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል፤ ቀለሙ ወደ ክሎሮፎርም ከተሻገረ ውጤቱ አዎንታዊ ነው። ሄምፕም ያንኑ ቀለም ያሳያል። ስለዚህ ቴክሳስ በጁን 2019 ተመሳሳዩን ትርጓሜ በሕጓ ስታካትት፣ ሂዩስተን የምትገኝበትን ሃሪስ ካውንቲን ጨምሮ የበርካታ ካውንቲዎች ዐቃብያነ ሕግ የመጠን ማረጋገጫ የሌላቸውን አነስተኛ የይዞታ ክሶች አንቀበልም አሉ።

ስዊዘርላንድ፣ ገደቡ 1 በመቶ በሆነባት አገር፣ ፖሊስ ሌላ የቀለም ምርመራ ይጠቀማል። መሠረቱ 4-አሚኖፌኖል ነው፤ ቲኤችሲ የበዛበት ናሙና ሰማያዊ፣ የማያሰክረው ሲቢዲ የበዛበት ደግሞ ሮዝ ይሆናል። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው። ሆኖም የሚያሳየው የሁለቱን ንጽጽር እንጂ የቲኤችሲን መጠን አይደለም። 12 በመቶ ሲቢዲና 0.6 በመቶ ቲኤችሲ ያለው አበባ ሮዝ ይሆናል፤ በአሜሪካ ሕግ ግን ሄምፕ አይደለም። ሁለቱ የተቀራረቡበት ናሙናም ግልጽ ቀለም አይሰጥም።

ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የመሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ግን የሚለካውን ነገር ሊለውጠው ይችላል። ሕያው ተክል ቲኤችሲን በአብዛኛው የሚያከማቸው ቲኤችሲኤ በተባለ የአሲድ መልክ ሲሆን፣ ይህም በሙቀት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጥቶ ቲኤችሲ ይሆናል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ ናሙናውን አግሎ ስለሚያተን ለውጡን ራሱ ያስከትላል፤ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ግን ሁለቱን ለየብቻ ይለካል። 0.2 በመቶ ቲኤችሲና 10 በመቶ ቲኤችሲኤ ያለው አበባ በፈሳሹ ዘዴ የዴልታ-9 ልኬት ከገደቡ በታች ነው። አሲዱ በ0.877 ተባዝቶ ሲደመርበት ግን ጠቅላላው ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከመከር በፊት ለሚደረገው ምርመራ ጠቅላላውን ስሌት ይጠይቃል፤ የ2018ቱ ሕግ ትርጓሜ ግን ዴልታ-9ን ብቻ ይጠቅስ ነበር። በ«ቲኤችሲኤ አበባ» ስም የሚቸረቸረው ምርት የገባው በዚሁ ክፍተት ነው፤ ማንም ሲያጨሰው ደግሞ እሳቱ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሠራውን ይሠራል።

ሌላው ጉዳይ የልኬት ስሕተት ነው። በ0.3 በመቶ ዙሪያ የናሙናው እርጥበትና የአበባና የቅጠል ድብልቅ ብቻ ውጤቱን ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ሊያዞሩት ይችላሉ። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች በዚህ ምክንያት ማሪዋና ብለው የሚመሰክሩት ከ1 በመቶ በላይ ለሆነው ብቻ ነው፤ በ0.3ና በ1 መካከል ያለውን «አልተወሰነም» ብለው ይመልሱታል።